አንገቱ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ያለው ሰው ቤት ሲገባ፦ ስለ አክታና ስለ ትንፋሽ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትራኪዮስቶሚ የተሠራለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰቡ ደስም ይለዋል፣ ይፈራልም። ነርሷ ስታሳይ ቀላል የመሰለው ነገር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብቻ ሲሆኑ ይከብዳል። ከዚህ በታች ያሉት አስታማሚዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። የታማሚው ሐኪም የተለየ ነገር ካዘዘ የሐኪሙ ይቀድማል።

ትራኪዮስቶሚ ምንድን ነው? ለምን ይሠራል?

ከማንቁርት በታች፣ አንገት ፊት ለፊት ላይ የአየር ቧንቧው ይከፈትና ቱቦ ይገባበታል። ከዚያ በኋላ አየሩ በአፍንጫና በአፍ ሳይሆን በቀጥታ በአንገት ይገባል። ምክንያቱ ብዙ ነው። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ወይም አከርካሪውን የተጎዳ ሰው፣ በስትሮክ ምክንያት ሳል ያቃተው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ለሳምንታት በመተንፈሻ ማሽን የቆየ፣ ጉሮሮው በዕጢ የተዘጋበት፣ ጡንቻው እየደከመ የሚሄድ በሽታ ያለበት። የአንዳንዱ ቱቦ ከወራት በኋላ ይወጣል። አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል።

ድሮ እንዲህ አክታ አልነበረበትም። አሁን ለምን በዛ?

በሁለት ምክንያት። ቱቦው ባዕድ ነገር ስለሆነ የአየር ቧንቧው ግድግዳ ይቆጣል፤ ሲቆጣ ደግሞ ብዙ ያመነጫል። ሁለተኛው ሳሉ ስለሚደክም ነው። ጤነኛ ሰው ሲያስል መጀመሪያ ማንቁርቱን ይዘጋል፣ አየር ያጠራቅማል፣ ከዚያ በኃይል ይለቃል። አየሩ ከማንቁርት በታች ባለ ቀዳዳ ሲወጣ ይሄ ጉልበት አይገኝም።

የአክታው መብዛት ግን ዋናው ችግር አይደለም። ቀጭን አክታ ቢበዛም ይወጣል። የሚገድለው የደረቀው ነው። አስታማሚዎች ሁሉ ስለ ሳክሽን (አክታ መምጠጫ) ማሽን ይጨነቃሉ። ስለ እርጥበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እላለሁ፤ እርጥበቱን በደንብ የያዘ ቤት ሳክሽኑ ራሱ ይቀልለታል።

እንዳይደርቅ ታዲያ ምን እናድርግ?

አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውን ያስቀራል። አሁን ያ ሥራ የእናንተ ሆኗል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱ ብርዳም፣ መንገዱም አቧራ ነው። በክረምት ደህና የነበረ ሰው ኅዳር ላይ አክታው እንደ ሙጫ የሚሆንበት ለዚህ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀኑን ሙሉ በኤሲ የሚቀዘቅዝ ክፍል፣ በአሜሪካና በአውሮፓም በክረምት የሚነደው ማሞቂያ ያው ማድረቅ ነው ሥራቸው።

ጥሩው መፍትሔ አርቴፊሻል አፍንጫ የሚባለው ትንሽ ማጣሪያ ነው። ቱቦው አፍ ላይ ይሰካል፤ ታማሚው ሲያስወጣ እርጥበቱን ይይዛል፣ ሲያስገባ መልሶ ይሰጣል። በ24 ሰዓት አንዴ ይቀየራል። አክታ ከነካው ግን ወዲያው ይጣል፤ በአክታ የረጠበ ማጣሪያ አየር ይዘጋል። አክታው በጣም ለበዛበት ወይም ደም ላለበት ሰው ላይስማማ ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቁ።

እኛ አገር ሁሉም ፋርማሲ ላይ አይገኝም። ካልተገኘ ንጹሕ ጎዝ በተፈላና በቀዘቀዘ ውሃ አርጥባችሁ፣ እስከማይንጠባጠብ ጨምቃችሁ፣ ቀዳዳውን ሳይደፍን ፊት ለፊቱ ላላ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት። ሲደርቅ ቀይሩት። ጎዙን በመቀስ አትቁረጡት፤ የተቆረጠው ጠርዝ ክር ይለቃል፣ ክሩ ደግሞ ከትንፋሽ ጋር ይገባል። ጥጥ በአጠገቡ አይድረስ።

ኔቡላይዘር (ፈሳሽን ወደ ጉም ቀይሮ የሚያስተነፍስ መሣሪያ) ካላችሁ ሐኪሙ ባዘዘው ልክ 0.9 በመቶ ሳላይን (የጨው ውሃ) በቀን ጥቂት ጊዜ ማስተንፈስ አክታውን ያቀጥናል። ያን ጊዜ አርቴፊሻል አፍንጫው ይነሳ። ውሃ መጠጣትም ዋና ነገር ነው። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያመው ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይወስናል። ጾም ላይ ያሉ እናቶች “ውሃም አልቀምስም” ይላሉ። እዚህ ላይ የነፍስ አባታቸውን ማነጋገር ከማንኛውም መድኃኒት የበለጠ ይሠራል። ሙስሊም ከሆኑም ለታማሚ የተፈቀደ ነገር አለና ኢማሙን ይጠይቁ።

መንቀሳቀስም አክታ ያወጣል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይቀየር፣ ከቻለ ይቀመጥ።

በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን አክታውን አያቀልጠውም?

አይሆንም። በአፍንጫ ሲሆን እንፋሎቱ መንገድ ላይ ይበርዳል። በአንገት በኩል ግን ትኩስ እንፋሎትና የቅጠሉ ዘይት በቀጥታ ሳንባ ይደርሳሉ። ማቃጠል አለ፣ ድንገተኛ መታፈንም አለ። ቪክስም እንዲሁ ከቱቦው አጠገብ አይቀባ።

ሳክሽን በየስንት ሰዓቱ ይደረግ?

በሰዓት አይሠራም። ሲያስፈልግ ነው። ሲተነፍስ የሚንቦጨቦጭ ድምፅ ከተሰማ፣ ቱቦው አፍ ላይ አክታ ከታየ፣ ታማሚው ከተቁነጠነጠ፣ ጣት ላይ የሚደረገው ኦክስጅን መለኪያ ከወትሮው ከወረደ። ጠዋት ሲነሳ፣ ከምግብ በፊትና ከመተኛቱ በፊት ደግሞ ማዳመጥ ጥሩ ነው። ራሱ አስሎ ካወጣው ጎዝ ይዞ መቀበል ይበቃል። በከንቱ የተደረገ ሳክሽን ቧንቧውን ያቆስላል፣ የቆሰለ ቧንቧ ብዙ አክታ ያመነጫል፣ እናንተም እንደገና ትመጣላችሁ።

እንዴት ነው በትክክል የሚደረገው?

መጀመሪያ ለታማሚው ንገሩት። ባይመልስም ይሰማል። በድንገት ሲገባበት ያለው የመታፈን ስሜት ከባድ ነው።

የካቴተሩ (አክታውን የሚመጠው ቀጭን ቱቦ) ውፍረት የአንገቱን ቱቦ የውስጥ ስፋት ግማሽ ማለፍ የለበትም። ለአዋቂ ቀላሉ ስሌት ከቱቦው ቁጥር 2 ቀንሶ በ2 ማባዛት ነው፤ ቱቦው 8 ከሆነ ካቴተሩ 12 ይሆናል፣ 7 ከሆነ 10። የማሽኑ ግፊት ለአዋቂ ከ80 እስከ 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይበቃል። አክታው ካልወጣ ግፊቱን ወደ 200 መጨመር ያጓጓል፣ ግን ሥጋውን ነው የሚስበው። ለሕፃናት የካቴተሩም የግፊቱም ልክ ያነሰ ስለሆነ ሆስፒታሉ የጻፈላችሁን ተከተሉ።

እጅ ይታጠብ፣ ጓንት ይደረግ። ኦክስጅን ላይ ያለ ሰው ከሆነ ቀደም ብሎ ጥቂት ትንፋሽ ኦክስጅን ይውሰድ። ካቴተሩ ሲገባ የአውራ ጣት ማድረጊያው ክፍት ይሁን፣ ማለትም ሳይመጥ ይግባ። እስከ ቱቦው ጫፍ ድረስ፣ ቢበዛ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አልፎ። ይሄን ልክ አስቀድማችሁ በተመሳሳይ ትርፍ ቱቦ ለኩና ካቴተሩ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በአውራ ጣት ዘግታችሁ እያዞራችሁ አውጡ። ከመግባት እስከ መውጣት ከ10 ሰከንድ አይለፍ። ሰዓት ማየት ካስቸገረ እናንተም ትንፋሻችሁን ያዙ፤ እናንተ አየር ሲያምራችሁ እሱ ከናንተ በፊት አምሮታል።

በሁለቱ መካከል ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይረፍ። በአንድ ጊዜ ከ3 በላይ አትመላለሱ። ፊቱ ከጠቆረ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ከሆነ፣ የልብ ምቱ ከዘገየ አቁሙና ኦክስጅን ስጡ። አፍ የመጠጠ ካቴተር ወደ አንገት አይመለስም።

ካቴተሩ መጣል አለበት ወይስ ይታጠባል? ሆስፒታል ውስጥ አንዴ ተጠቅሞ መጣል ነው ሕጉ። ቤት ውስጥ ግን ዋጋውንም አቅርቦቱንም እናውቃለን። ደግማችሁ መጠቀማችሁ ካልቀረ በሳሙና ውሃ አጥባችሁ፣ የተፈላ ውሃ በውስጡ መጥጣችሁ፣ ነርሷ ባሳየቻችሁ መንገድ ከጀርም አጽድታችሁ፣ አድርቃችሁ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አስቀምጡ። ካቴተሩ ራሱ ከጠነከረ ወይም ውስጡ ከደፈረሰ ይጣል። ይሄን ሳታደርጉ “ታጥቧል” ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሳላይን ጠብ አድርጎ መምጠጥ አይሻልም?

ድሮ የተለመደ ነበር። አሁን እንደ ዘወትር ሥራ አይመከርም፤ ከሚያቀጥነው ይልቅ ኦክስጅን ማውረዱና ጀርም ወደ ታች መግፋቱ ያሳስባል። በኔቡላይዘር ማስተንፈስ ይሻላል።

አክታው ቀለሙ ተቀየረ። መቼ ልፍራ?

ግልጽ ወይም ነጭ ከሆነ ሰላም ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወፈረ፣ ከሸተተ፣ ትኩሳት ካለው፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አትጀምሩለት። ቀጭን የደም መስመር ብዙ ጊዜ ከድርቀት ወይም ከጠለቀ ሳክሽን ይመጣል። የበሉት ነገር በአክታው ውስጥ ከታየ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ነው፤ በአፍ መመገቡን አቁሙና ደውሉ።

ትኩስ ቀይ ደም በብዛት ከወጣ ግን አትጠብቁ። ራሱ ቢቆምም አትጠብቁ። ቱቦው አጠገቡ ያለውን ትልቅ የደም ሥር ሲነካ መጀመሪያ ትንሽ ደምቶ ያቆማል፣ ሁለተኛው ግን ሊገድል ይችላል። ይሄ ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

የውስጥ ቱቦው በስንት ጊዜ ይታጠባል?

ቢያንስ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፤ አክታ ከበዛ ከዚያም በላይ። የውጪውን ክንፍ በአንድ እጅ ይዛችሁ የውስጡን ብቻ አውጡ። በሳላይን ወይም በተፈላና በቀዘቀዘ ውሃ፣ ለዚሁ በተለየች ትንሽ ብሩሽ አጥባችሁ ወደ መስኮት ብርሃን አንሱትና አጮልቁ። ግድግዳው ላይ ቡናማ ቅርፊት ካያችሁ ገና ነው። ቅርፊቱ በየቀኑ የሚወፍር ከሆነ ደግሞ መልእክቱ ስለ ብሩሹ ሳይሆን ስለ እርጥበቱ ነው።

የአንገቱ ማሰሪያ አንድ ጣት የሚያስገባ ይሁን። ሲቀየር ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ቱቦውን ይያዝ። ለብቻ ከሆናችሁ አዲሱን ሳታስሩ አሮጌውን አትፍቱ።

ቱቦው ቢደፈንስ? ቢወጣስ?

መልሱን ችግሩ ሳይመጣ ተለማመዱት። አልጋው አጠገብ አንድ ሣጥን ይኑር፦ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ትርፍ ቱቦ፣ አንድ ቁጥር ያነሰ ሌላ ቱቦ፣ የማስገቢያው እንጨት መሰል ዘንግ፣ ማሰሪያ፣ መቀስ፣ የከፉን (ቱቦው ላይ ያለው የሚነፋ ፊኛ) አየር ማውጫ ሲሪንጅ፣ በውሃ የሚሟሟ ማለስለሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት)። ታማሚው ሐኪም ቤትም ሲሄድ ሣጥኑ አብሮ ይሄዳል።

ትንፋሽ አጥሮት ቱቦው የተደፈነ ከመሰላችሁ ሁለተኛ ሰው ይደውል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101። እናንተ ቱቦው አፍ ላይ የተሰካውን ሁሉ አንሱ፣ ማጣሪያም ሆነ የመናገሪያ ቫልቭ። የውስጥ ቱቦውን አውጡ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይፈታል፤ ያወጣችሁትን ስታዩት የደረቀ አክታ ሞልቶታል። ካልተፈታ ካቴተር አስገቡና ምጠጡ። ካቴተሩ አላልፍ ካለና ቱቦው ከፍ (ፊኛ) ካለው የከፉን አየር አውጡ። አሁንም ካልተነፈሰ ቱቦው ራሱ መውጣት አለበት። እጅ የሚንቀጠቀጠው እዚህ ጋ ነው። ግን ጨርሶ ቱቦ ካለመኖሩ ይልቅ የተደፈነ ቱቦ ይብሳል።

ቱቦው ከወጣ ትራሱን ከአንገቱ ሳይሆን ከትከሻው በታች አድርጋችሁ አንገቱን ቀና አድርጉ። ትርፉን ቱቦ በዘንጉ አስገቡና ዘንጉን ወዲያው አውጡ። እምቢ ካለ ያነሰውን ሞክሩ፤ በኃይል አትግፉ። ካልሆነ ኦክስጅን በአፍም በቀዳዳውም ስጡ። መተንፈስ ካቆመና የላይኛው የአየር መንገድ ክፍት ከሆነ ቀዳዳውን በጎዝ ሸፍናችሁ በአምቡ ባግ በአፍ በኩል ይሰጠዋል።

አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ በኦፕሬሽን የወጣለት ሰው የሚተነፍሰው በአንገቱ ብቻ ነው፤ በአፍ የሚሰጠው ኦክስጅን ሳንባው አይደርስም። የናንተ ታማሚ የትኛው እንደሆነ የአንገት በላይ ሐኪሙን ጠይቃችሁ አልጋው ራስጌ ላይ በትልቁ ጻፉት።

መብራት ሲጠፋ ምን እንሆናለን?

ይጠፋል፤ ስለዚህ “ቢጠፋ” ብላችሁ አታቅዱ። የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር የሚያጣራው ማሽን) ያለ መብራት አይሠራም፣ የተሞላ ሲሊንደር ከጎኑ ይቁም፣ ጌጁንም በየሳምንቱ እዩት። ሳክሽን ማሽኑ ባትሪ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው። በእግር የሚረገጥም አለ፣ ርካሽና አስተማማኝ ነው። ምንም ከሌለ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ካቴተር ላይ ተሰክቶ ለችግር ቀን ይሆናል።

በቬንቲሌተር (በመተንፈሻ ማሽን) የሚተነፍስ ሰው ከሆነ አምቡ ባጉ ቱቦው ላይ በቀጥታ ይሰካል። ለአዋቂ በየ5 ወይም 6 ሰከንዱ አንዴ ጨመቅ፤ ደረቱ ከፍ ሲል ካያችሁ በቂ ነው። በእጅ ሰው ይተርፋል ወይ ለምትሉ፦ በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሳ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን ታማሚዎቹ አንገት ላይ ቱቦ አስገብቶ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት እንዲተነፍሱ አደረገ። ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ሌት ተቀን እየተፈራረቁ ለሳምንታት ጨምቀዋል፤ የሞቱም መጠን በከፍተኛ ሁኔታ ወረደ። የዛሬው ጽኑ ሕሙማን ክፍል መነሻው ያ ነው። እናንተ ቤት ግን ሰው መፈራረቅ አለበት፤ ስለዚህ ከጎረቤት ቢያንስ አንድ ሰው አሠልጥኑ።

ማሽኑ ሲጮህ መጀመሪያ ምን ልንካ?

ማሽኑን አይደለም። ታማሚውን እዩ። የግፊት መብዛት ጩኸት ከሆነ አክታ፣ የታጠፈ ሆዝ ወይም ሳል ነው። ማነስ ከሆነ አንድ ቦታ ተነቅሏል ወይም ያፈሳል። ሆዙ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ታማሚው እንዳይፈስ አዘንብላችሁ አስወግዱት። ምክንያቱ ካልተገኘና ሰውየው ከተጨነቀ ማሽኑን ነቅላችሁ በአምቡ ባግ አስተንፍሱ፤ ምርመራው ይደርሳል።

ቱቦው ከፍ (ፊኛ) ያለው ከሆነ የከፉ ግፊት ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ውሃ ባለው መካከል ይሁን። በጣት በመዳበስ አይታወቅም፤ መለኪያ አለው።

ኦክስጅን ባለበት ቤት ቡና ማፍላት ይቻላል?

በዚያው ክፍል አይቻልም። ከሰል፣ ዕጣን፣ ጧፍ፣ ሲጋራ ከኦክስጅን አጠገብ እሳት ናቸው። ኦክስጅን ባይኖርም ጭሱ ማጣሪያ በሌለው መንገድ ሳንባ ይገባል። ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ፣ እንግዶቹም እዚያው ይጠጡ። የሽንኩርት ቁሌትም የሚያስለው ሰው አለ። ለይሉኝታ የማይመች ነገር ቢመስልም ጠያቂ ዘመድን “ዕጣኑን አጥፉልን” የሚል አንድ ደፋር ሰው በቤቱ ያስፈልጋል።

በአፉ መብላት ይችላል?

ብዙዎቹ ይችላሉ፤ ግን መዋጡ ከተፈተሸ በኋላ። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛ። ጉርሻው ትንሽ ይሁን። “በሞቴ” እየተባለ የሚጎረስ ትልቅ ጉርሻ ለዚህ ሰው አይሆንም። ከፉ መነፋቱም ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ሙሉ ዋስትና አይሰጥም።

ድምፁ ይመለሳል?

አየሩ የድምፅ አውታሮቹን ሳያገኝ ስለሚወጣ ነው ዝም ያለው። ከፍ የሌለው ወይም ከፉ የተነፈሰ ቱቦ ያለው ሰው በሐኪም ፈቃድ ቀዳዳውን በጣት ዘግቶ ወይም የመናገሪያ ቫልቭ ሰክቶ መናገር ይችላል። ከታወቁት ቫልቮች አንዱን የፈጠረው ራሱ ቬንቲሌተር ላይ የነበረ፣ የጡንቻ መመንመን በሽታ ያለበት ዴቪድ ሚዩር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ነው። ከፉ ተነፍቶ ሳለ ቫልቭ መሰካት ግን ይገድላል፤ አየር ይገባል፣ መውጫ የለውም። ሲተኛም ይነሳ። እስከዚያው ደብተርና እስክሪብቶ፣ ስልክ፣ ማንቂያ ደወል ከእጁ አይራቁ።

ገላ መታጠብስ? ጠበል?

ከደረት በታች መታጠብ ይቻላል። ጸጉር ለብቻው፣ ወደ ኋላ ተጋድሞ፣ አንገቱ ተጠብቆ ይታጠባል። ዋና የለም። ጠበል ከላይ ሲወርድ ቀጥታ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ከመድረሳችሁ በፊት ለአጥማቂው ንገሩት፤ በእጅ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ግንባርና እግር መቀባት ይቻላል። ለመጠጣት እንደ ማንኛውም ውሃ መዋጡ የተፈተሸ ይሁን። ለውዱእም ውሃው ወደ አንገት እንዳይረጭ መጠንቀቅ ነው።

ቱቦው መቼ ይወጣል?

ያስገባው ምክንያት ሲጠፋ፣ ራሱን ችሎ ሲተነፍስ፣ አክታውን አስሎ ሲያወጣ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በትንሽ ቱቦ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ይከደንና ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይታያል። ይሄ ሁሉ ሆስፒታል ውስጥ ነው እንጂ ቤት አይሞከርም። ከወጣ በኋላ ቀዳዳው በጎዝ ይሸፈናል። ሲያስልና ሲያወራ በጣቱ ጎዙን ጫን ይበል፤ አለበለዚያ አየሩ በዚያ እየሾለከ ቶሎ አይገጥምም። በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይዘጋል። ካልተዘጋ በትንሽ ኦፕሬሽን ይሰፋል።